ኩላሊት ውስጥ ያልተቀየረው ፈትል

ጥያቄው አጭር ነበር፤ ከቢልቂስ ሦስት ልጆች መካከል ጤነኛ ኩላሊት ያለው የትኛው ነው?

የመጨረሻው ልጅ ኢምቲያዝ እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል። ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው ሁለቱም ኩላሊቶቹ ደክመው በሳምንት ሁለት ጊዜ ደሙ በማሽን ይታጠባል። ከማሽኑ የሚያላቅቀው የሌላ ሰው ኩላሊት ብቻ ነው። አባታቸው ከሞተ ቆይቷል። እናታቸው ቢልቂስ ስኳር ስላለባት ከሰጪነት ተሰርዛለች። የቀሩት መካከለኛው ሙዛሚልና የበኩር ልጅ ሻጉፍታ ናቸው።

ሐኪሞች ሁለቱንም በአልትራሳውንድ አዩአቸው። የኢምቲያዝ ኩላሊቶች ላይ ከዓመታት በፊት በርካታ የውሃ ቋጠሮዎች ታይተው ስለነበር፣ የቤቱ በሽታ «ኩላሊትን በቋጠሮ የሚሞላው የዘር በሽታ» ተብሎ ስም ወጥቶለታል። ሙዛሚል ግራ ኩላሊቱ ላይ አንዲት ቋጠሮ ተገኘችበትና «አንተም አለብህ» ተባለ። ሻጉፍታ አንድም አልተገኘባትም፤ «አንቺ ትችያለሽ» አሏት።

ለመስጠት አላቅማማችም። ግን አንድ ነገር አልዋጥላት አለ። ሽንቷ ሲመረመር ጥቂት ደም ተገኝቶበት «የወር አበባሽ ይሆናል» ብለው አልፈውት ነበር። እሷም ይሆናል ብላ አለፈችው። ከዚያ ወዲያ ግን አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጣ እንኳ እግሯ አልረጋ አለ።

ሻጉፍታ የህንዷ የሽመና ከተማ የማሌጋዮን ልጅ ናት፤ የሸማኔ ልጅ፣ የሸማኔ የልጅ ልጅ። ኑሮዋ ግን ሙምባይ ነው። እዚያ በአንድ የኩላሊት ምርምር ክፍል ውስጥ የአይጥ ፅንስ ኩላሊቶችን አቀዝቅዛ፣ ከሽንኩርት ልጣጭ በብዙ እጥፍ አሳስታ እየቆረጠች በማይክሮስኮፕ ታያለች። የምትፈልገው ኮላጅንን ነው። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ይህን ማስረዳት ያስፈልጋል፤ ደግሞም ለማስረዳት ደስ የሚል ነገር ነው።

እያንዳንዱ ኩላሊት ውስጥ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉ። የማጣሪያው ጨርቅ የተሠራው በዋነኛነት ኮላጅን ከሚባል ፈትል ነው። ፈትሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ለዚህ ጨርቅ የሚሆኑት ስድስት ናቸው፤ ተመራማሪዎች በቁጥር ይጠሯቸዋል፤ እያንዳንዱንም የሚያሠራ የራሱ ዘረመል አለ። ፅንሱ ገና ሲጀምር የአንድና የሁለት ቁጥር ዘረመሎች ይበራሉ፤ ለስላሳ፣ ለጊዜው የሚሆን ጨርቅ ይሸመናል። ማጣሪያው ሲበስልና የደሙ ግፊት ሲበረታ ደግሞ የሦስት፣ የአራትና የአምስት ቁጥር ዘረመሎች ይበሩና ጠንካራው ፈትል ይገባል። ማንም ሸማኔ ድሩን ሳያወርድ፣ ማሽኑን ሳያቆም፣ ጨርቁ ላይ ውሃ እያለፈ ፈትል ይቀየራል ቢባል «ውሸታም!» ይላል። ኩላሊት ግን ያደርገዋል፤ እናቲቱ ሳታውቀው፣ ማህፀን ውስጥ።

የሽንት ቱቦዎቹም ዙሪያቸውን የተጠቀለሉት በዚሁ ፈትል ዘመድ ነው። መጠቅለያው ሲላላ ወይም ሥርዓቱን ሲስት ቱቦው በቦታው ያብጥና የውሃ ቋጠሮ ይሆናል። የሻጉፍታ ክፍል ለዓመታት የሚያሳድደው ጥያቄ ይህ ነው፤ ቋጠሮ ሊያወጣ በተዘጋጀ ኩላሊት ውስጥ መጀመሪያ የሚበላሸው ፈትሉ ነው ወይስ ቱቦው? ይህን ለማየት ፅንሶቹን በዕድሜያቸው ደርድራ፣ የትኛው ዘረመል መቼ በራ፣ መቼ ጠፋ እያለች ትከታተላለች።

የገዛ ቤቷን ጥያቄ የከፈተላት ግን አንድ ዓርብ ቀን ነው።

ማሌጋዮን ውስጥ የሽመና ማሽኖች ሳምንቱን ሙሉ ይንቋቋሉ። እዚህ ያደገ ሰው ጮሆ ያወራል፣ ከንፈር ያነባል፣ በእጁ ያዛል። ሻይ በጣት ነው የሚታዘዘው፤ አለቃም የሚሰደበው በጣት ነው፤ ይህኛው ጥቅም አለው፣ አይሰማም። ጎልማሳ ሸማኔ ጆሮው ቢደክም «ማሽን በላው» ይባላል፣ ወሬው እዚያ ያበቃል። ዓርብ ግን ማሽኖቹ ያርፋሉ፤ ያኔ የሰው ድምፅ ሳይነግሩት ራሱ ዝቅ ይላል።

በዚያ ዓርብ ሻጉፍታ ለንቅለ ተከላው ጉዳይ ቤት መጥታ በረንዳ ላይ ለምሳ ተቀምጠዋል።

«አፓ! የሙምባይ ዝናብ እንዴት ነው?» ብሎ ኢምቲያዝ ታላቅ እህቱን ሲጠይቃት የጎረቤት ፍየል ብድግ አለች።

«ቀስ በል እንጂ፤ ፍየሏን ልታስወርዳት ነው» አለ ሙዛሚል።

«ምን?»

«ፍየሏን!»

«ፍየል ልትገዛ ነው? በየት በኩል?»

ሁሉም ሳቁ። ኢምቲያዝም ምን እንደተሳቀ ሳያውቅ አብሮ ሳቀ፤ ይህ የቆየ ልማዱ ነው። ወዲያው ቢልቂስ ውስጥ ማድቤት ሆና ለራሷ «ጨው በዛብኝ መሰለኝ» ብላ አጉረመረመች።

ሙዛሚል ከበረንዳው ሆኖ «ግድ የለም አሚ፣ እንበላዋለን» ሲል መለሰላት።

የሻጉፍታ ጉርሻ አፏ ጋ ሳይደርስ ቆመ። ሙዛሚል ከልጅነቱ ጀምሮ ማሽን ሥር የኖረ ሰው ነው፤ የማድቤት ማጉረምረም ይሰማል። ኢምቲያዝ አቅም የለውም ተብሎ ገና በልጅነቱ ከማሽን ቤት ወጥቶ ልብስ ሰፊ የሆነ ነው፤ አጠገቡ ተቀምጠው ሲያናግሩት አይሰማም። ታዲያ ማሽኑ የማንን ጆሮ ነው የበላው?

ምሳው ሲነሳ እናቷን ተከትላ ማድቤት ገባች።

«አሚ፣ የሞቱት ሁለቱ ወንድሞችዎ ጆሯቸው ይሰማ ነበር?»

«የሸማኔ ልጆች አይደሉ? ምን ትጠብቂያለሽ!» አለች ቢልቂስ። «አፈር እስኪገቡ ድረስ የሚነገራቸው በጩኸት ነበር።»

«የሞቱትስ በምን ነው?»

«በኩላሊት ነዋ። ሁለቱም ሳይሸብቱ።»

«ሽንታቸው ይቀላ ነበር?»

ቢልቂስ ሳህኑን አስቀመጠች። «ሙቀት ነው እሱ። እኛ ቤት ሙቀት ይበዛል። አንቺም ልጅ ሆነሽ ጉንፋን በያዘሽ ቁጥር ሽንትሽ የሻይ መልክ ይይዝ ነበር። የገብስ ውሃ፣ የበሶብላ ፍሬ በወተት ዘፍዝፌ አጠጣሽና ሙቀቱ ይወጣል።»

«ኢምቲያዝስ?»

«የእሱ ሙቀት አልወጣ አለኝ» አለች ቢልቂስ፤ ውሃውን ከፍታ ሳህን ማጠብ ጀመረች።

ሻጉፍታ ያንለት አልተቀመጠችም፤ ከበረንዳ ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ወደ በረንዳ ስትል ዋለች። ምክንያቱም ሦስቱ ነገሮች፣ ቀይ ሽንት፣ ጆሮና ኩላሊት፣ በአንድ ፈትል ይገናኛሉ። ያ ከሦስት እስከ አምስት ቁጥር ያለው ጠንካራ ፈትል ኩላሊት ውስጥ ብቻ ሳይሆን የጆሮ ውስጠኛ ክፍል ውስጥም አለ። የአምስት ቁጥር ዘረመል ከተበላሸ ለውጡ አይካሄድም፤ ሦስትና አራትም ብቻቸውን መሸመን አይሆንላቸውም። ሰውየው ተወልዶ፣ አድጎ፣ ጢም አውጥቶም ኩላሊቱ ያንኑ የፅንስ ጨርቅ እንደለበሰ ይቀራል። ጨርቁ ደም ያፈስሳል፣ ይሳሳል፣ በመጨረሻ ይቀደዳል። እንዲህ ያለ ኩላሊት ላይም የውሃ ቋጠሮ ሊወጣ ይችላል፤ ቋጠሮውን ብቻ ያየ ሰው ሌላውን የዘር በሽታ ነው ይላል። ልዩነቱ መጠኑ ላይ ነው። በዚያኛው በሽታ ኩላሊት እያበጠ ሆድን ይሞላል። ሻጉፍታ የኢምቲያዝን የአልትራሳውንድ ወረቀት አውጥታ አየች፤ ኩላሊቶቹ እንደ ደረቀ በለስ አንሰዋል።

ሰኞ ጠዋት የክፍሏ ኃላፊ ዶክተር ፓራንጃፔ ቦርሳቸውን ሳያስቀምጡ በር ላይ ያዘቻቸው።

«ዶክተር፣ ወንድሜ የታመመው የተሳሳተ በሽታ ነው።»

«በሽታ አይሳሳትም ሻጉፍታ። ግቢና ተቀምጠሽ ንገሪኝ።»

ቆማ ነገረቻቸው። ዶክተሯ በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው፤ ሰው ሲያስረዳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚሰሙት። ሲገልጡት «አንቺ እንዲህ ባይሆን ትመርጫለሽ ወይስ ቢሆን?» አሏት።

ሻጉፍታ አሰበች። ከሆነ፣ እሷ መስጠት አትችልም ይሆናል፤ ሙዛሚል ግን ሊችል ነው። «አላውቅም» አለች።

«እንግዲያውስ ዓይንሽን አላምነውም። እውነት ለመናገር፣ ስላዘንኩልሽ የራሴንም አላምነውም። ስም ሳናይ ነው የምናነበው። ያም ቢሆን ፍንጭ ነው እንጂ ምርመራ አይደለም፤ ደማችሁ ዘረመል ወደሚነበብበት ቦታ ይላካል።»

መልካሙ ነገር አምስት ቁጥር ፈትል ከቆዳ ሥርም አለ። ኩላሊት መውጋት አያስፈልግም፤ ከክንድ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ቆዳ ትበቃለች። ሦስቱ ልጆች ፈቃዳቸውን ሰጥተው የቆዳ ሐኪም ቆረጠላቸው። ማወዳደሪያ የሚሆን የጤነኛ ሰው ቆዳ ሲፈለግ የክፍሉ ባልደረባ ኦምካር እጅጌውን ሰበሰበ።

«ውሰዱ። ሁልጊዜ ከስተሃል የምትለኝ እናቴ ስትሰማ፣ የቀረውን አጥንቱንም ውሰዱት ትላችኋለች።»

ኦምካር ስስ የቆዳ ቁራጮቹ የተለጠፉባቸውን አራት መስታወቶች ስማቸውን በጥቁር ፕላስተር ሸፍኖ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ አላቸው። ሻጉፍታ አምስት ቁጥር ፈትል ላይ ብቻ የሚጣበቅ፣ በልዩ ብርሃን አረንጓዴ የሚያበራ ቀለም ቀባቻቸው። ከዚያ እሷና ዶክተሯ ጨለማው ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

ሀ፤ ከቆዳው ሥር አረንጓዴ መስመር፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያልተቋረጠ። ለ፤ ጨለማ፣ ምንም የለም። የኢምቲያዝ መሆኑን ሁለቱም ገመቱ፤ ሁለቱም አልተናገሩም። ሐ፤ እንደገና ሙሉ መስመር። መ ላይ ሻጉፍታ ማስተካከያውን ሁለት ጊዜ አዞረችው። መስመሩ ይበራል፣ ይጠፋል፣ ይበራል፣ ይጠፋል፤ እዚህም እዚያም ማግ እንደሳተው ጨርቅ።

«ይህቺ ሴት ናት» አሉ ዶክተር ፓራንጃፔ፤ ያሉት ከአፋቸው አምልጦ ነው።

ከአራቱ ሰዎች መካከል ሴት አንዲት ብቻ ናት። ፕላስተሩን መላጥ አላስፈለገም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአምስት ቁጥር ዘረመል ያለበት ቦታ ሴት ሁለት ቅጂ አላት፣ ወንድ አንድ። ወንድ የተበላሸው ከደረሰው ሌላ የለውም፤ ጨለማ ነው። ደህናው ከደረሰው ደግሞ ሙሉ በሙሉ ደህና ነው። ሴት ግን በእያንዳንዱ ሴሏ ከሁለቱ አንዱ ብቻ ስለሚሠራ ግማሹ ይበራል፣ ግማሹ ይጨልማል። ሀ እና ሐ፣ አንዱ ኦምካር ነው፣ አንዱ ሙዛሚል፤ የትኛው የማን እንደሆነ መለየት አይቻልም፤ ደስ የሚለውም ይኸው ነው። የሙዛሚል ቋጠሮ ብዙ ጤነኛ ሰው ይዟት የሚዞር፣ ምንም የማታደርግ ቋጠሮ ነበረች።

«አሁንም እሰጣለሁ» አለች ሻጉፍታ በጨለማው ውስጥ።

«አትሰጪም። ያንቺ ማጣሪያ የተቆራረጠ ነው፤ ሁለቱም ያስፈልጉሻል። አንዱን ብታወጪ የቀረው የሁለት ሸክም ይሸከማል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ከወንድምሽ ጎን ትተኛለሽ።»

ከሳምንታት በኋላ የደሙ ውጤት መጣ፤ ዘረመሉም ያንኑ አለ። ሻጉፍታ በዚያው ቀን ወደ ማሌጋዮን ተሳፈረች። ማሽኖቹ እስኪያርፉ መጠበቅ አልቻለችም፤ ከአውቶቡሱ ወርዳ በቀጥታ ሙዛሚል ወደሚሠራበት ማሽን ቤት ገባች። ጆሮ በሚያደነቁረው ጩኸት መካከል ከሩቅ በከንፈሯ ብቻ፣ ድምፅ ሳታወጣ «ጤነኛ ነህ» አለችው።

ሙዛሚል ከንፈሯን አነበበ። ሸማኔ ፈትል ካልተበጠሰ ማሽን አያቆምም፤ እሱ ግን ዘጋው። አጠገቡ ያሉት ሸማኔዎች ዞረው ተመለከቱት።

«ድገሚው።»

«ጤነኛ ነህ። ምንም የለብህም። ያቺ ቋጠሮ ከንቱ ናት።»

«የሳኢራ አባት ይህን ይስማ!» ብሎ በሳቅ ፈነዳ። ሳኢራ እጮኛው ነበረች፤ አባቷ የኩላሊት በሽታ ያለበት ቤት ልጄን አልሰጥም ብሎ ነገሩን አፈረሰው።

«ሳኢራ እኮ አግብታለች» አለችው ሻጉፍታ።

«አውቃለሁ። ሠርጓ ላይ ወንበር የደረደርኩት እኔ ነኝ።» አሁንም ይስቃል። ትንሽ ቆይቶ ሳቁ ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ወረደ። «አፓ፣ ይህን ለመንገር ብቻ አልመጣሽም።»

ሻጉፍታ ዓይኗን በቆመው ማሽን ላይ አሳረፈች።

«መጀመሪያ እሰጣለሁ ያልኩት እኔ አልነበርኩም? አንተ አትሆንም አላችሁኝ። እሺ፣ አልሆንም ብዬ ተቀመጥኩ። ሰውነቴን እንደ አሮጌ ማሽን፣ መቼ ይቆማል እያልኩ ሳዳምጠው ኖርኩ። ዛሬ ጤነኛ ነህ ተባልኩ፤ በዚያው ቅጽበት ደግሞ ኩላሊቴን?»

«አልጠየቅሁህም።»

«አልጠየቅሽኝም። እዚህ መጥተሽ ቆመሻል እንጂ።» ማሽኑን መልሶ ለቀቀው። ከዚያ በኋላ የሚባለው ነገር ቢኖርም አይሰማም።

ቤት ውስጥ ደግሞ ሌላ ጣጣ ጠበቃት። ቢልቂስ ሁሉን ከሰማች በኋላ «ስለዚህ ከእኔ ነው» አለች።

«አሚ፣ እርስዎ ሁለቱንም ፈትል ይዘው ነበር። ለማን የትኛው እንደሚደርስ እርስዎ አልመረጡም።»

«የወንድሞቼን ሙቀት ነው ስል፣ የልጄንም ሙቀት ነው ስል…» ማልቀስ ስትጀምር ሻጉፍታ ሙዛሚል ሲመጣ እንዳታለቅስበት ለመነቻት፤ እንባ ልመና ነው፣ ልመናም ግዴታ ይሆንበታል አለቻት።

«እንባዬንም እንደ ፋብሪካ በፈረቃ ላድርገው?» ብላ ተቆጣች ቢልቂስ። ሆኖም ሙዛሚል ሲገባ ዓይኗን ጠርጋ ሻይ አቀረበችለት።

ኢምቲያዝ ጭቅጭቁን ከፊታቸው አንብቦ ኖሯል። ሙዛሚል ሻዩን ሲያነሳ ከመርፌው ላይ ቀና ሳይል፣ እንደ ልማዱ ሰፈሩ እንዲሰማ አድርጎ፣ «ንገሩት! ለእኔ ያለበት ዕዳ መጮህ ብቻ ነው፤ ኩላሊት አይደለም!» አለ።

ሙዛሚል ሻዩን ጠጣ።

ሻጉፍታ ከዚያ ወዲያ ያደረገችው ነገር ቢኖር ራሷን መያዝ ነው፤ ለእሷ ከሁሉ የከበደው ሥራ ይህ ነው። ስልኳን ታነሳለች፣ የሙዛሚልን ቁጥር ታያለች፣ ታስቀምጣለች። ንቅለ ተከላውን ከሚያደርገው ቡድን ውጭ የሆነ ሐኪም ለብቻው እንዲያናግረው ዝግጅት አደረገች። እምቢ ካለ ሐኪሙ ለቤተሰቡ «አይስማማም» ብቻ ይላል፤ ምክንያቱን ማንም አይጠይቅም። ቀጠሮውን በመልእክት ላከችለትና ሌላ ቃል አልጨመረችም። ከዚያ በኋላ የቆረጠቻቸው የአይጥ ኩላሊቶች ግማሾቹ ተበላሽተው ተጣሉ፤ ኦምካር አንድ ቀን ምላጩን ከእጇ ወስዶ ሻይ ጠጪ ብሎ አስወጣት።

ሙዛሚል ከቀጠሮው አንድ ቀን ቀድሞ፣ ማለትም ዛሬ፣ ሳይነግራት ምርምር ክፍሉ በር ላይ ቆሞ ተገኘ።

«ፈትሌን አሳዪኝ» አላት። «ጨርቅ በዓይኔ ሳላይ ጥሩ ነው አልልም። ነገ ለዚያ ሐኪም የማወራው አይቼው ነው።»

የእሱ ቆዳ ያለበትን መስታወት አውጥታ ከማይክሮስኮፑ ሥር አደረገችው። ምንም አይታይም። ቀለሙ ብርሃን በነካው ቁጥር ይደበዝዛል፤ በነዚህ ወራት ውስጥ ደግመው ደጋግመው አይተውት ጠፍቷል። ሙዛሚል ዓይኑን ከመመልከቻው ሳያነሳ «ጨለማ ነው» አለ። «አፓ፣ ጨለማ ነው።»

«ቀለሙ ነው የጠፋው፤ ፈትሉ አለ። የቀረ ቆዳ አለኝ፤ አሁኑኑ አዲስ እቆርጣለሁ።»

አሁን በቀዝቃዛው መቁረጫ ላይ ጎንበስ ብላለች። የሙዛሚል ቆዳ በበረዶ ውስጥ ነጭ ነጥብ ሆኖ ከምላጩ ፊት ተቀምጧል። የመጀመሪያው ቁራጭ ተጠቀለለ። ሁለተኛው መሃሉ ተሰነጠቀ።

«ማሽን ቤት ብትሆኚ አለቃዬ አባሮሽ ነበር» አለ ሙዛሚል ከኋላዋ።

«ትከሻዬ ላይ አትተንፍስ። ሙቀቱ ያበላሸዋል።»

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ሻጉፍታ ምላጩን ጠረገች። መዘውሩንም እንደገና ቀስ ብላ ማዞር ጀመረች።